የእትዬ ዘይነባ ልጆች ብዛት

በዝምታዬ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የብራና መጻሕፍትን ስመዘግብ ኖሬአለሁ፤ ብራና ደግሞ መልስ የማይጠይቅ ባልንጀራ በመሆኑ ምላሴ ሥራ በማጣት ደንዝዛ ቀርታ ነበር። ዘመዶቼ ይህን ዝምታ "ዕውቀት ነው" ይሉታል፤ እኔም አላስተባበልሁም። የዝምተኛ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የማያውቀው ሁሉ እንዳወቀው ይታሰብለታል።

ዛሬ ግን መናገር የሚገባኝ ነገር አለ። ጡረታ ወጥቼ ወደ ቆቦ በተመለስሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥፍር በምታህል ነጭ ሳጥን የተነሣ፣ ሠላሳ ዓመት ልጅ ሆኖ የኖረን አንድ ሰው ልጅ እንዳይሆን ላደርገው፣ ሠላሳ ዓመት የተኛውንም ደም ከእንቅልፉ ልቀሰቅሰው ነበር። ይህን የምጽፈው ሰውየው ራሱ "ጻፈው፤ ስማችንን ብቻ ለውጥ" ብሎ ስለ ፈቀደልኝ ነው። ለውጫለሁ። የራሴን ስም ደግሞ ከኀፍረት የተነሣ ትቼዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። እኛ በፈረስ ስሙ አባ ቦራ የሚባል የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ነን፤ ከዋጃ እስከ ጎብዬ እንደ ማሽላ ተዘርተናል። ሚሊኒየሙ ከገባ ወዲህ ልጆቻችን እየተጋቡ፣ ሽማግሌዎች የሠርጉ ጠላ ከተጠመቀ በኋላ "እነዚህ እኮ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው!" እያሉ መጮህ ስለ አበዙ፣ የዘር ሐረጋችን በኮምፒውተር ይመዝገብ ተባለ። ማን ይመዝግብ? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታዬ እንደ ፈቃደኝነት ተቆጠረ። እነሆ የዝምታ ጉዳቱ።

የእህቴ ልጅ ሰብለ በቆቦ የሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ታስተምራለች። አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠችኝ፤ የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራምም ጫነችልኝ።

"ጋሼ፣ ቀላል ነው፤" አለችኝ። "ስም እዚህ፣ የትውልድ ቀን እዚህ፣ የትዳር ጓደኛ እዚህ። እዚህች ሳጥን ውስጥ የልጆች ብዛት ይጻፋል። ከሥር ደግሞ የልጆቹ ስም ይዘረዘራል። ብዛቱና ዝርዝሩ ካልተስማሙ ቀይ መስመር ይመጣል። ከተስማሙ አረንጓዴ ይሆናል።"

"ቀይ ቢመጣስ?"

"አንዱ ተሳስቷል ማለት ነዋ።"

ይህን ፕሮግራም የሠራው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ከራያ እንዳልሆነ ግን እምልለታለሁ። ራያ ውስጥ ግመል ይቆጠራል፣ ነዶ ይቆጠራል፣ ልጅ ግን ቁጥር አይወድም። "ስንት ልጆች አሉዎት?" ብሎ መጠየቅ የሰውን ጣሪያ ገልጦ እንደ ማየት ነው። እኔ ይህን ሳልገነዘብ ደብተሬን ይዤ በባጃጅ ተነሣሁ።

ጎብዬ ላይ አንድ የሩቅ ዘመዴን አገኘሁና ጥያቄዬን አቀረብሁ። ጥቂት አሰበና፣ "የሚታደለው ምንድን ነው?" አለኝ።

"የሚታደል የለም፤ ለዘር ሐረግ ነው።"

"ለባዶ ከሆነ አራት። ስንዴ ካለው ዘጠኝ።"

ሐቀኛ ሰው መስሎ ስለ ታየኝ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፍሁ። በማግሥቱ ወሬው እኔን ቀድሞኝ ኖሮ፣ በገባሁበት መንደር ሁሉ የማንም ልጅ የሁሉም ልጅ ሆኖ ጠበቀኝ። አፍንጫው ላይ ጠባሳ ያለበትን አንድ ሕፃን በሦስት ቤት መዘገብሁት፤ በአራተኛው ቤት ራሱ ሕፃኑ ሰላምታ ሰጠኝ። ዋጃ ላይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ በሚስቱ ፊት "ሦስት" ብሎ ቆጠረልኝና፣ እስከ ባጃጄ ድረስ ሸኝቶኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "መምህር፣ ሦስቷን አምስት አድርጋት። ግን ማሽኑ ውስጥ ብቻ እንጂ ቤት ውስጥ እንዳትሆን።"

እንዲህ እያልሁ፣ ቀዩንም አረንጓዴ እያደረግሁ፣ ሮቢት አጠገብ ከምትኖረው አክስቴ ከእትዬ ዘይነባ ደረስሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፣ በአንድ አባት ገበታ ያደጉ። ዕድሜዋ ሰማንያን ዘልሎአል፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋና ቀልዷ ግን ገና ለገበያ የሚቀርቡ ናቸው።

"ስንት ልጆች አሉሽ፣ እትዬ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አራት።" ጣቷን እያጠፈች ስማቸውን ነገረችኝ፤ "ሁሴን፣ አደም፣ ከድር፣ አሚናት።"

በሳጥኑ ውስጥ አራት ጻፍሁ፤ የአራቱንም ስም ዘረዘርሁ። አረንጓዴ። እዚያው ላይ ብተወው ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ፣ እኔም እስከ ዛሬ ዐዋቂ እንደ ተባልሁ በኖርሁ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ ሮቢት ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ ብቻ የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ አለዚያ የሞኝነቴን መጠን አትረዳውም።

እትዬ ዘይነባ ይማም የሚባል ልጅ ነበራት፤ ከሁሴን ቀጥሎ የተወለደ፣ የእኔ እኩያ። በራያ ቆላ ዝናቡ የሚዘንበው በሌላ ሰው ተራራ ላይ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ገበሬው በቦይ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ ይህም በተራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ የሐምሌ ጎርፍ ይማምና የማሳ ጎረቤቱ አደም በተራው ተጣሉ። አደም በዱላ መታው። ይማም ሳያድር ሞተ።

ዘወልድ የሚባሉት የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በወጉ መሠረት ካሣ ቀረበ። እትዬ ዘይነባ ግን እንቢ አለች። "የጎደለብኝ ከብት አይደለም፤ ልጅ ነው። ልጅ ስጡኝ" አለች። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ሰነበቱና፣ ጡቷ በማር ተቀባ፤ ያ ጢማም ጎልማሳ፣ ልጇን የገደለው ሰው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አደም በይማም ፋንታ ልጇ ሆነ። ማሳዋን አረሰ፤ ባሏ ሲሞት ከወንድሞቹ ጋር ቃሬዛውን ተሸከመ። ሽማግሌዎቹም ማሉ፣ አስማሉ። ነገሩ ተቀብሯል፤ ዳግመኛ የሚያነሣው ሰው የተቀበረ እንዳወጣ ይቆጠራል፤ አደም ልጅነቱ የቀረ ዕለትም ደሙ እንደ ገና የሚበቀሉት ደም ይሆናል።

እኔ በስድስት ዓመቴ ለትምህርት ወደ ደጋ ተልኬ፣ ከዚያም ሩቅ አገር ስለ ኖርሁ፣ የአክስቴን ቤት የማውቀው በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው "ይማም ዐረፈ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ" ብሎ ነበር። በምን እንደ ሞተ አልጠየቅሁም። አለመጠየቅን ጨዋነት ብዬ የኖርሁ ሰው ነኝ። በተመለስሁም ጊዜ አደምን ከልጆቿ መካከል አገኘሁትና፣ እኔ ከሄድሁ በኋላ የተወለደ መሆን አለበት ብዬ ተውሁት። ጢሙ ከእኔ ጢም ይበልጥ መሸበቱ እንኳ አላስጠረጠረኝም።

አሁን ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን ስከልስ ይማም ትዝ አለኝ። እናቴ "አንተና ይማም በአንድ ሳምንት ነው የተወለዳችሁ" እያለች ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። ሟች ቢሆንም ልጅ ልጅ ነው ብዬ ስሙን ከራሴ የልደት ሳምንት ጋር ጨመርሁ። ዝርዝሩ አምስት፣ ብዛቱ አራት። ቀይ!

በብራና ሥራ ውስጥ ሁለት ቅጂዎች ሲለያዩ ሊቁ እህል አይቀምስም። እኔም በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሁሴን ሄድሁ። የአክስቴ የበኩር ልጅ፣ ረጋ ያለ፣ ሰውን በወንበር ሳያስቀምጥ የማያናግር ሰው ነው።

"ሁሴን፣ ስንት ናችሁ እናንተ?"

"አራት ነን።"

"ይማምስ?"

ሁሴን የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ማሳው አየ። "አንዲት ግመል ጠፍታብኛለች" አለና ተነሥቶ ሄደ።

ወደ ከድር ሄድሁ። "አራት ነን" አለኝ። "ይማምስ?" ስለው ለካስ የእሱም ግመል ጠፍታ ኖሯል። አሚናት ዘንድ ሄድሁ። "ሦስት ወንድሞች አሉኝ" አለች። "ይማምስ?" ከማለቴ የእሷም ግመል ጠፋች፤ አሚናት ደግሞ ግመል ኖሯት አያውቅም። በዚያ ሳምንት በራያ ምድር ያልጠፋ ግመል አልነበረም። እኔም በልቤ፣ "እነዚህ ሰዎች ግመል መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መቁጠርም አይችሉም" ብዬ ፈረድሁባቸው።

አደምን ግን ስለ ይማም አልጠየቅሁትም፤ የትውልድ ዘመኑን ብቻ ነበር የጠየቅሁት። እሱም እናቱ የወለደችው በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው በዓል ማግሥት እንደ ሆነ በቅንነት ነገረኝ። ቀኑን ሳስገባ ከመጀመሪያው ቀይ በታች ሌላ ቀይ ወጣ። ለሰብለ ደወልሁላትና አነበብሁላት፤ "ይህች እናት በሁለት ወር ልዩነት ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ይህ ሊሆን አይችልም፤ እባክዎ ያረጋግጡ" ይላል።

ላረጋግጥ ወደ አክስቴ ሄድሁ። ከደጃፏ ጥላ ሥር ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች።

"እትዬ፣ ማሽኑ አንዲት ሴት በሁለት ወር ልዩነት ሁለት ወንድ ልጅ ልትወልድ አትችልም ይላል።"

እጇን ከሰፌዱ ላይ ሳታነሣ ሳቀች። "አትችልም አለ?"

"አትችልም አለ።"

"እኔ ችያለሁ በለው።"

"እትዬ፣ ይህ እኮ ሳይንስ ነው…"

"አላህ ሲያስችል ሳይንስህን አያማክርም። ስንት ብዬህ ነበር?"

"አራት።"

"እንግዲያው አራት ነው። በል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂድ።"

አሁን ሳስበው፣ ያች ሴት እውነቱን ሁሉ በአንድ ቃል ነግራኝ ነበር። ችያለሁ። እኔ ግን ቃሉን እንደ አሮጊት ቀልድ ቆጥሬው፣ ሊቅ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ማለትም ሰውን ትቼ ሰነድን ተከተልሁ። ይማምን እኔው አውቀዋለሁ፤ ተወልዷል። እንግዲያስ በሁለት ወር ልዩነት ሊወለድ የማይችለው አደም ነው። ማደጎ ይሆናል፣ ቤተኛ ይሆናል፣ ልጅ ግን አይደለም።

"ጋሼ፣ ኧረ አይቸኩሉ፤" አለችኝ ሰብለ በስልክ። "ማሽኑን ከሚሰሙ ሰዎቹን ይስሙ።"

"ሰዎቹ ግመል ፍለጋ ሄደዋል" አልኋት።

የአደምን ስም ሰረዝሁ። ወዲያውም ሁለቱም ቀዮች ጠፉ። ብዛት አራት፣ ዝርዝር አራት፤ ሁሴን፣ ይማም፣ ከድር፣ አሚናት። አረንጓዴው እንደ ነሐሴ ጤፍ አማረ። አክስቴ አራት ማለቷ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተችው ስማቸውን ብቻ ነው አልሁና እራቴን በደስታ በላሁ። የገዛ ልጆቿን ስም ተሳስታለች ብሎ በእናት ላይ የፈረደ ሰው በዓለም ላይ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ለጉባኤው ከመታተሙ በፊት ረቂቁ በየቤቱ እንዲነበብ ተወስኖ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ከምሳ በፊት በሁሴን ግቢ ተሰበሰብን። ግቢው ለእንግዳ ተብሎ ተጠርጎ ተወልውሎ፣ አንዲት ጠጠር አይገኝበትም። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ወደ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተቀመጥን። ያኔ ከዘወልድ ሽማግሌዎች አንዱ የነበሩት፣ ዛሬ በሕይወት የቀሩት ብቸኛው፣ ሼህ አወልም ነበሩ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶ ስለ ነበር ከቤት ውስጥ ረጅም ገመድ ተስቦልኝ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። አደም በቤት ልጅ ወግ ጆጉን ይዞ እንግዶችን እጅ ያስታጥባል።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና አነበብሁ። "ወይዘሮ ዘይነባ። የልጆች ብዛት፤ አራት።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሼህ አወል።

"አንደኛ ሁሴን። ሁለተኛ ይማም። ሦስተኛ ከድር። አራተኛ አሚናት።"

አደም ያን ጊዜ የሚያስታጥበው አንድ የሰባ ነጋዴ ዘመዳችንን ነበር። ውሃው በሰውየው እጅ ላይ መውረዱን ቀጠለ። ሰውየው "በቃኝ" አላለም፤ አደምም አላቆመም፤ ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ ውሃው ፈሰሰ። ከዚያ አደም ባዶውን ጆግ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"መምህር፣" አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ፤ "እኔን የት ጻፍኸኝ?"

"አንተ… ማሽኑ…" አልሁ።

"ልጅ ካልሆንሁ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ እኔ ምንድን ነኝ?"

የሁሴን ወንዶች ልጆች ብድግ አሉ። የአደምም ወንዶች ልጆች ብድግ አሉ። አብረው ግመል ያገዱ፣ አብረው የተገረዙ፣ ነገሩን ከሹክሹክታ በቀር ያልሰሙ ጎልማሶች ናቸው፤ አሁን ግን በሁለት ወገን ቆመው ይተያያሉ። ሁሴን መሬት መሬቱን አየ። በዚህ ጊዜ ግመል ጠፋብኝ ያለ ማንም የለም። አደም ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ሼህ አወል በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው ወደ ጆሮዬ ጎነበሱ። "ምን አወጣህ፣ አንተ ሰው?" አሉኝ። ቀጥለውም በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ እኔ ለአንባቢ አስቀድሜ የነገርሁትን ሁሉ ነገሩኝ። በሠላሳ አምስት ዓመት ያነበብሁት ብራና ሁሉ ቢከመር የእነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ያህል አይከብድም።

ምን ማድረግ እንደሚገባኝ አወቅሁ፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻም። ያጠፋ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል። ድንጋይ ፍለጋ ዙሪያዬን አየሁ። ያ የተባረከ ግቢ ግን ተጠርጎ! ከእጄ የተገኘው ላፕቶፑ ብቻ ነበር። አነሣሁና ማጅራቴ ላይ ጫንሁት፤ በሁለት እጄ ደግፌውም ጎንበስ ብዬ ወደ አደም ሮጥሁ። ገመዱ ከኋላዬ እየተጎተተ ተከተለኝ፤ አንድ ወንበር ገለበጠ፤ በመጨረሻም ከግድግዳው ተነቅሎ እንደ እባብ በአቧራው ላይ ተንፏቀቀ። ከአደም እግር ሥር ወደቅሁ።

"ኧረ በአላህ! መምህሩን እዩት፣ ጭራ አብቅሎ!" ብላ አሚናት ጮኸች። ሳቅና ልቅሶ በአንድ ድምፅ ወጣባት። ከጎልማሶቹ አንዱ ሳቀ፤ ከማዶ የቆመውም ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም። እኔ ግን ቀና አላልሁም። አደምም ሸክሙን አላነሣልኝም። እግሩን ብቻ ነው የማየው፤ ጣቶቹ ወደ በሩ ዞረው እንደ ቆሙ ናቸው።

በዚያ መካከል የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ዘይነባ ከቤት ወጥታለች።

"ምንድን ነው ዝምታው? እህሉ አነሰ?"

ጆሮዋን ወደ ሰዎቹ አዘነበለች።

"የወንድሜ ልጅ የት አለ?"

"እዚህ ነኝ፣ እትዬ" አልሁ ከመሬት።

"ስንት ብለህ አነበብህ?"

"አራት።"

"ትክክል ነው። ስማቸውን ድገምልኝ።"

ደገምሁት። ምርኩዟን በሁለት እጇ ያዘች። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። እንደ አንድ የቆየ የሒሳብ መምህር፣ ሰነፍ ተማሪ እንዲገባው በዝግታ አስረዳችኝ።

"ስማኝ ልጄ። ይማምን ለአፈር ሰጠሁ፤ አደምን ተቀበልሁ። አምስት ካልህ አንዱ ሞቶብኛል ማለት ነው። የሞተ ካለ፣ የገደለ አለ። አራት ስል ግን የሞተም የገደለም የለም፤ አራት ልጆች ናቸው ያሉኝ። ሠላሳ ዓመት በየሌሊቱ የቆጠርሁት ይህን ነው። ቀላል መስሎህ ነበር?"

እኔ ልጅ ሆኜ በቄስ ትምህርት ቤት ዜማ ቀጽያለሁ፤ አዋቂ ሆኜ የታላላቅ ሊቃውንትን እጅ ጽሕፈት በእጄ ዳስሻለሁ፤ ከአንዲት ማንበብ ከማትችል ሴት አፍ እንደ ወጣው ያለ የመደመርና የመቀነስ ትምህርት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አራት ስትል ምን ያህል ዋጋ እንደ ከፈለችበት አላውቅም። ሰው ሁሉ ሲሰማው የኖረውን፣ እኔም በሁለት ጣት የጻፍሁትን ቁጥር፣ ያቺ እናት በየሌሊቱ ከሥር ጀምራ ትሠራው ነበር።

"አደም፤" አለች።

"አቤት እናቴ።"

"ወንድምህን አንሣው። ወገቡን ያመዋል፤ የመጽሐፍ ሰው ነው።"

አደም ጫማውን ጣለ። ጎንበስ ብሎ ላፕቶፑን ከማጅራቴ አነሣው፤ በሁለት መዳፉም ይዞ ጥቂት መዘነው።

"ይህ ድንጋይ ይሞቃል" አለኝ።

በዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። ሼህ አወል፣ "የተነበበው በሰው ፊት ነው፤ የሚታረመውም በሰው ፊት ነው" አሉ። ገመዱ እንደ ገና ተሰካ። ሁሉም ከኋላዬ ተሰበሰበ፤ የሠላሳ ሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ነው። የአደምን ስም ወደ ቦታው መለስሁ። እናቱ ከአንዱ ወገን፣ አደም ራሱ ከሌላው ወገን ተቀምጠውልኛል። ዝርዝሩ አምስት ሆነ፤ ቀዩም ተመለሰ። የይማምን ስም መረጥሁና የመሰረዣውን ቁልፍ ነካሁ። ፕሮግራሙ ግን ዝም ብሎ የሚሰርዝ አይደለም፤ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ጠየቀኝ።

"ምን አለ?" አለች እትዬ ዘይነባ።

"'ይህ ሰው ይጠፋል። እርግጠኛ ነዎት?' ይላል።"

ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። በአንድ ሳምንት የተወለድን እኩያዬ ነው። ሲሞት ያላለቀስሁለት፣ በምን ሞተ ብዬ እንኳ ያልጠየቅሁለት። ያን ጊዜ የሞኝነቴን ሁሉ መደምደሚያ ፈጸምሁ፤ ላፕቶፑን ወደ አደም አዞርሁና፣ "እስቲ አንተ ተጫነው፤ ይህቺን ነው" አልሁት።

አደም ቁልፏን አየ። እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም።

"እኔ አልነካውም" አለ። "አንድ ጊዜ ይበቃኛል።"

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር ከአፉ የወጣው ቃል ይህ ብቻ ነው። መሐላው ነገሩን ያነሣ ሁሉ ይጠየቃል ይል ነበር፤ ሼህ አወል ግን በዚያች ቅጽበት ጥምጣማቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ ምንም አልሰሙም። ሁሴንም አልሰማም። ከድርም አልሰማም። አሚናት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ እሷም አልሰማችም። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደነቁር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በእኔ ዝምታና በእነሱ ዝምታ መካከል ያለውን ልዩነት ያወቅሁትም ያን ቀን ነው።

"ወዲህ አምጣው" አለች እትዬ ዘይነባ።

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አኖርሁት። ጣቷን ያዝሁ፤ እንደ ደረቀ የማሽላ ቅጠል የቀለለ ነበር። ወደ ቁልፏ መራሁት።

"ይህቺ ናት?"

"ይህቺ ናት።"

"ስሙን አንብብልኝ።"

"ይማም።"

"አንድ ጊዜ ድገመው።"

"ይማም" አልሁ።

ጣቷ ቁልፏ ላይ እንዳረፈ ቆየ። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም፤ ለማንም የሚሰማ አልነበረም። ከዚያ ተጫነችው።

"ስንት ይላል አሁን?"

"አራት ይላል፣ እትዬ።"

"አላልሁህም?" አለችና፣ ወደ ቤት ያስገባት ዘንድ እጇን ለአደም ዘረጋች።